በጎኑ የሚሄድ ጥይት

ጥይት በጎኑ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ጥይት ሲሄድ ማን ያያል! የገባበትን ቀዳዳ ግን አይቻለሁ። ክብ መሆን ሲገባው እንደ ኮት ቁልፍ መግቢያ ረዘም ብሎ ተሰንጥቋል። ከገዛ ልጄ ጋር ያኳረፈችኝ፣ በንብ ያስነደፈችኝ፣ ደብረ ታቦር ድረስ ያንከራተተችኝ ይቺው አንዲት ቀዳዳ ናት። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

እኛ ጉና ሥር ያለን ሰዎች ሙሽራ ልንወስድ ስንሄድ እንዲሁ ዘው ብለን ዳስ አንገባም። የሴቷ ወገን ከግቢው ራቅ ብሎ፣ ከጀርባው ተረተር ባለበት ዛፍ ላይ አንድ ቅል በገመድ ያንጠለጥላል። ሲመታ ከሩቅ እንዲታይ ቅሉን አመድ ይሞሉታል። የወንዱ ወገን ስልሳ እርምጃ ላይ ቆሞ ያንን ቅል ማውረድ አለበት። ካወረደ በእልልታ ይገባል። ካላወረደም ይገባል፤ ሙሽራ አትከለከልም። ግን ሴቶቹ በግጥም ይገርፉታል። ያ ግጥም ደግሞ ቶሎ አይሞትም። አጎቴ የሳተ ጊዜ የወጣበት ግጥም እሱ ካረፈ ከሃያ ዓመት በኋላም በየሰርጉ ይዘፈናል፤ እኔ ራሴ ሳላስበው ሳጨበጭብ ተይዣለሁ።

የሚተኩሰው የሙሽራው ቤት ታላቅ ነው፤ የሚተኮሰውም በቤቱ ጠመንጃ ነው። በኛ ቤት ከአባቴ ወዲህ ተኳሹ እኔ ነኝ። በራሴ ሰርግ አወረድኩ። በወንድሜ ሰርግ አወረድኩ። በልጄ በሙላት ሰርግ ዝናብ እያካፋ፣ በቅሎዬ ከኋላዬ እየጎተተችኝ አወረድኩ። ያኔ ተኩስ ሲሰማ ሰው «የማን ሰርግ ነው?» ብሎ ከቤቱ ይወጣ ነበር። ዛሬ ተኩስ ሲሰማ በሩን ይዘጋል። ይሄን ትቼ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ጠመንጃው የአባቴ ምንሽር ነው። አባቴ ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ መልሱ እንደ ጠያቂው ነበር። ለሽማግሌ «ከጠላት ማረክሁት» ይላል። ለቄስ «ዋሻ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት» ይላል። ለእናቴ ደግሞ «በበቅሎ ለወጥኩት» ይላታል፤ እናቴ በቅሎዋ የት እንደገባች ስትጠይቅ ስለነበር ይቺኛዋ እውነት ትመስለኛለች። ሲሞት ለኔ ሰጠኝ። እኔም እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅሁት። ከተጠበቀውም በላይ ጠበቅሁት፤ መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

ባለፈው ጥር የሙላት ልጅ፣ የልጅ ልጄ፣ ሊያገባ ሆነ። ሙሽሪት ከይፋግ ወዲያ ካለ መንደር ናት። እህል ከተሰበሰበ በኋላ እጄን ላፍታታ ብዬ አንድ ሳንቃ ኖራ ቀባሁና ተረተሩ ላይ አቆምኩ። ስልሳ እርምጃ ቆጠርኩ። ተኮስኩ። ምንም። ደገምኩ። ምንም። ሦስተኛው ከሳንቃው ጥግ ላይ ያችን ረጅም ቀዳዳ በሳ።

ሙላት ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ኖሯል። ሄዶ ሳንቃውን ዳሰሰና ተመለሰ።

«አባዬ፣ ዓይንዎ ደክሟል።»

«የኔ ዓይን? ከዚህ ሆኜ ያ ማዶ ያለውን በግ እቆጥርልሃለሁ!»

«እሺ፣ ስንት ነው?»

«ብዙ ነው» አልኩት።

አልሳቀም። ሙላት ሲያዝን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከጩኸት ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። «የልጄን ቅል እኔ ልተኩስ። ከሰርጉ በኋላም ጠመንጃው እኔ ቤት ይቀመጥ። በዚህ ዓይን ሰው እንዳይጎዱብኝ እሰጋለሁ» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ደሜ የፈላው። «ስማ» አልኩት፣ «ጥፋቱ የዓይኔ ከሆነ ያን ቀን በገዛ እጄ አስረክብሃለሁ። የዓይኔ ካልሆነ ግን ይቺን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሳት።» ተስማማን። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን ሁሉ «እንዴት አደሩ» «ይመስገን» ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ ነፋሱን ከሰስኩ። ነፋስ በሌለበት ቀን ብተኩስም ያው ሆነ። ቀጥሎ ጥይቱ አርጅቷል አልኩ። ከሌላ ሰው ጥይት ለምኜ ብሞክርም ያው። ስለዚህ ዓይኔን ላግዘው ብዬ ጎረቤታችን መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ።

«መሪጌታ፣ መነጽርዎን ቢያውሱኝ።»

«ዳዊት ሊደግሙ ነው?»

«ወደዚያው የሚጠጋ ነገር ነው» አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያ መነጽር ለመጽሐፍ እንጂ ለጠመንጃ አልተሠራም። ዓይኔ ላይ ሳደርገው የአፈሙዙ ጫፍ የዳስ ምሰሶ አከለ፤ ሳንቃው ደግሞ ጉም ሆነ። እንግዲህ ከጀመርኩ ብዬ ጉሙን ተኮስኩት። ጥይቱ የት እንደሄደ ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። ከተረተሩ ጥግ ያለው ዛፍ ላይ የመሪጌታ ቀፎ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ወጥተው ነገሩኝ። ሮጬ ገለባ ክምር ውስጥ ገባሁ፤ ጭንቅላቴን ቀበርኩ፤ የቀረው ውጭ ቀረ።

መሪጌታ ሲመጡ መጀመሪያ ያዩት ውጭ የቀረውን ነው። «ምነው ወንድሜ! በገዛ መነጽሬ የገዛ ቀፎዬን!» አሉ። አሁንም ድረስ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት መነጽራቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

ሳምንት ሙሉ ፊቴ እንደ ዱባ አብጦ ከረመ። ሙላት መጣና አየኝ። ዓይኔ እንዳልደከመ ላስረዳው ፈለግሁ፤ ምን ላድርግ፣ ዓይኔ ራሱ የት እንዳለ አይታይም ነበር።

ነገሩን የፈታችው ሚስቴ ጥሩነሽ ናት። ሳንቃውን ለዶሮ ቤት በር ልታደርገው ፈልጋ ታገላብጠው ኖሯል። እኔ ፊቴን በጨርቅ ሸፍኜ ተኝቻለሁ።

«አንቱ» አለች። ጥሩነሽ እኔን አንቱ ስትል ልታላግጥ ነው። «አንቱ ዒላማ መቺ፣ እስቲ ይነሱ።»

«ተዪኝ።»

«ይሄን ጥይት የተኮስከው ቆሞ ነው ተኝቶ?»

«እኔማ ቆሜ ነው የተኮስኩ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ፤ ጥይቱን ነው። ና እይ።» አንድ ጥይት አምጥታ እርሳሱን ቀዳዳው ላይ በጎኑ አስተኛችው። ልክክ አለ። «በጫፉ አልገባም። ተጋድሞ ነው የገባው።»

«ጥይት እንዴት ይጋደማል?»

ጥጥ ትፈትል ነበርና እንዝርቷን አነሳች። በጣቷ አሽከረከረችውና ለቀቀችው፤ ገል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እየዞረ እየዞረ ሲደክመው አንገቱን ወዘወዘና ዘፍ አለ። «እንዝርት የሚቆመው ሲሾር ነው። መሾሩን ሲተው ይጋደማል። ያንተን ጥይት የሚያሾረው ምንድነው?»

ጠመንጃ ስሸከም ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ይቺን ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እሷ ጠመንጃ ነክታ የማታውቅ ሴት በአንድ ማግ ፈትል ጠየቀችው።

ፊቴ ሲሟሽሽ ደብረ ታቦር ሄድኩ። ድሮ ከቤቴ ደብረ ታቦር የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ በበቅሎ ስንቅ ተቋጥሮ፣ ወንዝ ዳር ታርፎ፣ ከመንገደኛ ጋር ተጫውቶ ነው የሚደረሰው። አሁን ሚኒባስ አለ፤ ሳይጫወቱ ይደረሳል። ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩ። ምንሽሩን በጋቢ ጠቅልዬ ብይዘው ጫፉ በባጃጁ ጎን ወጣ።

«አባባ፣ ምንድነው እሱ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ምርኩዝ ነው።»

«ምርኩዝዎ አፈሙዝ አለው።»

ፈቃዱን አውጥቼ ሰጠሁት። ፖሊስ አይደለም፤ ግን ባጃጁን አቁሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ፎቶዬን አየና «ያኔ ወጣት ነበሩ» አለኝ። ሲያደርሰኝም አልተጣደፈም።

ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ባየ ይባላል። ብረት የሚቆርጥ፣ የሚጠርብ፣ እጁ እስከ ክንዱ ዘይት የሆነ ጎልማሳ ነው። የጠመንጃ ሰደፍም ይጠግናል። ምንሽሩን ተቀበለኝ፤ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየ፤ መዝጊያውን አወጣና አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ በውስጡ ተመለከተ። አዙሮ በሌላው ጫፍ አየ።

«አባባ፣ ይሄን ጠመንጃ ምን አደረጉት?»

«ምን ሆነ?»

«ዋሽንት ሆኗል።»

ሰደፉ ተሰብሮ የመጣ የሌላ ሰው ጠመንጃ ነበረና እሱን ሰጠኝ። «በዚህ ይዩ» አለ። አየሁ። ውስጡ እንደተፈተለ ገመድ እየተጠመዘዘ የሚሄድ ጭረት አለው። የኔን ሰጠኝ። የኔ እንደ ብርሌ አንገት ልሙጥ ነው፤ ያብለጨልጫል እንጂ ምንም የለውም።

ባየ ረጅም ዘንግ አመጣ፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ አጥብቆ ጠመጠመና በዚያ በደህናው ጠመንጃ ውስጥ ገፋው። ዘንጉ በእጁ ላይ ራሱ መዞር ጀመረ። «አንድ ስንዝር ሲገባ አንድ ዙር ይዞራል፤ አዩ? እርሳሱም እንዲሁ እየሾረ ነው የሚወጣው። የምንሽር እርሳስ ረጅም ነው። ረጅም እርሳስ ቶሎ ቶሎ ካልሾረ አይቆምም። አጭሩ ዘገም ብሎ ቢዞርም ይበቃዋል።» ቀጥሎ ዘንጉን በኔው ውስጥ ገፋው። ሳይዞር፣ ሳያንገራግር፣ እንደ ቁልቁለት ውሃ ጭልጥ ብሎ ወጣ።

«በምን ሲያጸዱት ኖሩ?»

ይሄን ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ፤ የምኮራበት ነገር ነዋ። «በየወሩ በጊዮርጊስ! በብረት ዘንግ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ፣ ገል ወቅጬ በወንፊት ነፍቼ...»

«ገል?»

«ገል እንጂ! ሸክላ የተሰበረ። ሴቶቹ ብረት ድስት ሲፈትጉበት አላየህም? እንደ መስታወት ነው የሚያበራው።»

«ስንት ዓመት?»

«አርባ ቢሆነው ነው።»

ባየ ጀርባውን ሰጠኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እንደማያለቅስ አውቄያለሁ።

እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። አባቴ ነው ትዝ ያለኝ። ጠመንጃውን በቅቤና በልስልስ ጨርቅ ብቻ ነበር የሚያጸዳው። አንድ የመስከረም ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አቀናና «ና እይ» አለኝ። «ምን ይታይሃል?» «ብርሃን።» «ሌላስ?» «እየዞረ የሚወጣ መንገድ።» ሳቀና ራሴን ዳበሰኝ። አሁን የጠፋው ያ መንገድ ነው። ገሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ከአባቴ የበለጥኩ ጠንቃቃ መስሎኝ። አባቴ ያሳየኝን መንገድ በየወሩ በጊዮርጊስ እየፈገፈግሁ ጨረስኩት።

«አይታደስም?» አልኩት።

«በርሜሉ ካልተለወጠ አይሆንም። ለዚህ የሚሆን በርሜል ደግሞ ከየት ይመጣል።»

«ምንም አይመታም በለኛ።»

«ቅርብ ከሆነ ይመታል። እስከ አሥር እርምጃ ሳይገለበጥ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ እሱ እንደፈቀደ ነው።»

በሚኒባስ ስመለስ ሁለት ነገር ተጣሉብኝ። አሸንፌያለሁ፤ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው። ግን ይሄን ለሙላት ለመንገር ጠመንጃውን ማን እንዳበላሸው መንገር አለብኝ። ወይ ዓይኔ ደክሟል ልል ነው፣ ወይ የአባቴን ምንሽር በገል ፈትጌ ገደልኩት ልል ነው። ለግትር ሰው ሁለቱም አይዋጡም። ዝም አልኩ። ለጥሩነሽ ብቻ ነገርኳት። እሷም «በል ዶሮ ቤቱን በር ግጠምልኝ» አለችኝ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ድሮ ቢሆን በቅሎዎቹ ተሸልመው፣ ጥሩንባ እየተነፋ ነበር የምንወርደው። አሁን በሦስት ሚኒባስ ወረድን፤ ጥሩንባው የሚኒባሱ ነው። የሙሽሪት አባት አያ ደምሌ፣ ድምፁ ከሆዱ የሚወጣ ወፍራም ሰው፣ ከዳሱ ፊት ተቀበለን። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ቅሉ ያውላችሁ!» አለና ወደ ዛፉ አመለከተ። ሰዎቻቸውን ከዛፉ አካባቢ አራቁ።

ስልሳ እርምጃው ተቆጥሮ ቆምኩ። ሙላት ጎኔ ቆሟል። እጁን ዘረጋ። «አባዬ፣ ይስጡኝ» አለ፣ በዚያው በዝቅተኛ ድምፁ።

ዛፉን አየሁ። ሕዝቡን አየሁ። የተዘረጋውን እጅ አየሁ። ከዚያ መሄድ ጀመርኩ።

«ወዴት ነው?» አለ ሙላት። የሴቷ ወገን ሳቅ ጀመረ። ሴቶቹ ለግጥም አይቸገሩ፤ አሥር እርምጃ ሳልሄድ ከበሮው ተመታ፦

«እኒህ ሽማግሌ ወዴት ነው ሚመጡ፣
ቅል ሊተኩሱ ነው ወይስ ጠላ ሊጠጡ!»

አያ ደምሌ እየሮጠ መጣ። «አባ! አባ! ልማዱ ስልሳ እርምጃ ነው!»

«ልማዱን አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ!» አልኩት እየሄድኩ። «የማያውቀው ይሄ ጠመንጃ ነው! በርሜሉን በገል ፈትጌ ጨርሼዋለሁ! አርባ ዓመት ሙሉ! ጥይቱ በጎኑ ነው የሚሄደው! ከዚያ ሆኜ ብተኩስ ቅሉን ትቼ አንተን ነው የማወርድህ!»

ሁለቱም ወገን ባንድ ላይ ሳቀ። አያ ደምሌ ከመንገዴ ዘሎ ወጣ። «እንግዲያስ ይጠጉ፣ አባ! ጨርሰው ይጠጉ!»

ተጠጋሁ። ሃያ እርምጃ ስሄድ የራሴ ሰርግ ትዝ አለኝ፤ ጥሩነሽ በዳሱ ቀዳዳ ስታየኝ። አርባ ስሄድ በቅሎዬ ትዝ አለችኝ። ሃምሳ ስሞላ ማሰቡን ተውኩት፤ ስምንት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። አነጣጠርኩ። ተኮስኩ።

ቅሉ ብትንትን አለ። አመዱን ግን አስቤው አላውቅም። አመድ እኮ የሚሞላው ከስልሳ እርምጃ ሊታይ ነው፤ ስምንት እርምጃ ላይ የቆመ ሰው ራሱ ነው የሚታየው። ራሴ፣ ጺሜ፣ አዲሱ ጋቢዬ፣ ሁሉም አመድ ሆነ። በእልልታው መሐል አንዲት ሴት «ሙሽራው ይኼ ነው እንዴ?» ስትል ሰማሁ።

ሙላት ደረሰልኝ። በኩታው ጫፍ ዓይኔን ጠረገልኝ። ፊቱን ካየሁት ወራት ሆኖኝ ነበር፤ በደንብ ማለቴ ነው።

«አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለካ ጠመንጃው ነው። ዓይንዎን በከንቱ ነው ያማሁት።»

አሸንፌያለሁ። ሕዝብ ምስክር ነው። «አልነገርኩህም!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ አመድ ገባበት። ስሌን እስክጨርስ ሙላት ጀርባዬን ያሽልኝ ነበር፤ እሱ ትንሽ ሳለ ትን ሲለው እኔ እንደማሸው።

«ሙላት» አልኩት።

«አቤት።»

«ከዚያ ላይ ሆኜ ዛፉ ነው የታየኝ። ቅል የሚባል ነገር አልታየኝም።»

እጁ ጀርባዬ ላይ ቆመ።

«እዚህ ስደርስ ነው የታየኝ» አልኩት።

የቀረውን አመድ ከጺሜ ላይ ጠረገ፤ ክንዴን ያዘና በእልልታው መሐል ወደ ዳሱ ወሰደኝ። ጥሩነሽ ቦታ ለቀቀችልኝ። አያ ደምሌ በገዛ እጁ ጠላ ቀዳልኝ። ስቀመጥ እንዳያደናቅፈኝ ጠመንጃውን ከትከሻዬ ላወርድ እጄን ሰደድኩ፤ ትከሻዬ ላይ ምንም የለም። ዞር ብል ሙላት አጠገቤ ተቀምጧል፤ ምንሽሩ በጉልበቶቹ መሐል ቆሟል። መቼ እንደወሰደው አላውቅም። አልጠየቅሁትም። ጠላዬን አነሳሁና ጠጣሁ።